ለስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት፦ መብቱም ግዴታውም ሰፈር ድረስ ይውረድ

የተከበራችሁ የአገልግሎቱ ኃላፊዎች፣

ፒያሳ አካባቢ የምኖር የእድር ጸሐፊ ነኝ። የምጽፍላችሁ መሃል ከተማ ውስጥ አብረውን ስለሚኖሩ ስደተኞች ነው።

ባለፈው ስብሰባችን አንዲት ሱዳናዊት እናት አባል ልሁን ብላ አመለከተች። ጦርነቱ በ2015 ዓ.ም. ሲፈነዳ ልጆቿን ይዛ የወጣች ናት። ጎረቤት ሲያዝን ድንኳን ውስጥ ሳህን ስታጥብ ሁላችንም አይተናታል። ግማሹ አባል “ትግባ እንጂ” አለ። ሌላው ግን “የነዋሪነት መታወቂያ የላት፤ ነገ ብትሄድስ?” ብሎ ተከራከረ። አንድ አባት ደግሞ “ኪራዩ ሰማይ የነካው በእነሱ ነው” አሉ። እኒህ አባት ክፉ ሰው አይደሉም። ልጃቸው ኪራይ አቅቶት ሚስቱን ይዞ እሳቸው ቤት ተመልሷል። ኪራይ ያስወደደው ምክንያት ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስጋታቸውን ግን ጥላቻ ነው ብዬ ማለፍ አልፈልግም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1110 ጥሩ ሕግ ነው። ለስደተኛው የመዘዋወርና የመሥራት መብት ሰጥቷል። መሥሪያ ቤታችሁ የመኖሪያ ቦታ ሊመድብ እንደሚችልም ይናገራል። እኛ ሰፈር ግን ማን ከተማ መኖር እንደተፈቀደለት፣ በምን ሥራ መቀጠር እንደሚችል የሚያውቅ ሰው የለም። አከራዩ ውል መጻፍ ይፈራል። ቀጣሪውም ይፈራና በድብቅ፣ በግማሽ ደሞዝ ይቀጥራል። ስደተኛዋ ጉልበቷ ይበዘበዛል፤ የሰፈሩ ልጅም “በርካሽ የሚሠራ አለ” ተብሎ ይመለሳል። ቅያሜው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ፈቃዷ በግልጽ ቢታወቅ ኖሮ እኩል ደሞዝ መጠየቅ ትችል ነበር፤ ልጁም በእሷ ባልተቀየመ።

ከተማችን ለዚህ ነገር አዲስ አይደለችም። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች እዚሁ ነው ያደጉት። የሙዚቃ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የያኔውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነትም በጳጉሜን 1961 ዓ.ም. የተፈረመው አዲስ አበባ ላይ ነው። ያ ስምምነት ስደተኛው ያስጠጋውን አገር ሕግ የማክበር ግዴታ እንዳለበትም በግልጽ አስፍሯል። ጎረቤቶቼ ይህን ቢሰሙ ብዙ ጭንቀታቸው ይቀል ነበር።

ስለዚህ የከተማ ኗሪነትና የሥራ ፈቃድ መስፈርቱን በአማርኛና በአረብኛ ጻፉና በየወረዳው ሰሌዳ ላይ ለጥፉልን። ለአዋቂዎች የማታ የአማርኛ ትምህርት በሰፈር ትምህርት ቤቶች ክፈቱ። ሴትዮዋ ሐኪም ቤት ስትሄድ የምታስተረጉመው የስምንት ዓመት ልጇን ነው፤ ይህ ለእናትም ለልጅም ከባድ ነው።

የአባልነት ጥያቄዋን ለሚቀጥለው ስብሰባ አሳድረነዋል። እባካችሁ አንድ ባለሙያ ላኩልን። አባላቱ ስለ ሕጉ የሚያነሱትን ጥያቄ ሁሉ እኔ መመለስ አልችልም።

ከአክብሮት ጋር፣
የእድሩ ጸሐፊ፣ ፒያሳ