የወንጀል ይግባኝ፦ ገንዘቡ ሳይሞላ ቀኑ እንዳያልፍ

ለተከበረው ዝግጅት ክፍል፣

በአንድ የቤተሰብ አባል ላይ የረጅም ዓመት ፅኑ እስራት ሲፈረድ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሯሯጠው ለገንዘብ ነው። ከብት ይሸጣል፣ ዕቁብ በቅድሚያ ይለመናል፣ ዘመድ ያዋጣል፤ «ጥሩ ጠበቃ እስክናገኝ» እየተባለም ቀኑ ይነጉዳል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 187 ለይግባኝ መጠየቂያ የሰጠው ጊዜ ግን 15 ቀን ብቻ ነው። ሰፈር ውስጥ የሚነገረው «60 ቀን አላችሁ» የፍትሐ ብሔር ይግባኝ ነው። በዚህ አንድ ስህተት መብታቸው የሚያልፍባቸው ሰዎች ያሳዝኑናል፤ ይህን የምንጽፈውም ለዚያ ነው።

ለ15 ቀኑ ሥራ ጠበቃ መቅጠር አያስፈልግም። የመዝገቡን ቁጥር፣ የፍርደኛውን ስምና ፍርዱ የተሰጠበትን ቀን ጠቅሶ «ይግባኝ ስለምጠይቅ የፍርዱ ግልባጭ ይሰጠኝ» የሚል የአንድ ገጽ ማመልከቻ ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር (የመዝገብ ቤት ኃላፊ) ማስገባት ነው። በእጅ የሚቀረው ቅጂ ላይ ማመልከቻው የገባበትን ቀንና ማኅተም ያስመቱበት። ያ ወረቀት በኋላ «ጊዜው አልፏል» ለሚል ክርክር ዋናው መልስ ነው።

ግልባጩ ከደረሰ በኋላ ዝርዝር የይግባኝ አቤቱታ ለማቅረብ 30 ቀን አለ። እዚህ ላይ የተደበቀ ወጥመድ አለ። ይግባኝ ባዩ እስር ላይ ከሆነ ግልባጩ የሚሰጠው በማረሚያ ቤቱ ኃላፊ በኩል ነው። ታራሚው ተቀብሎ እስከሚቀጥለው የጥየቃ ቀን ቢያስቀምጠው፣ ቤተሰቡ ሳያውቅ 30 ቀኑ መቆጠር ጀምሯል። ስለዚህ በየጥየቃው «ወረቀት ደረሰህ ወይ? መቼ ፈረምህ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቀኑ ካለፈም በቁጥር 191 መሠረት ይግባኙን ለማስፈቀድ ማመልከት ይቻላል፤ ነገር ግን መዘግየቱ በይግባኝ ባዩ ወይም በወኪሉ ጥፋት አለመሆኑን ማሳየት ግድ ነው። «ገንዘብ ስናሰባስብ ነበር» የሚለው ምክንያት ብቻውን ደካማ ነው።

ያለችው ጥቂት ገንዘብ የምትውለው ለአቤቱታው ጽሑፍ ይሁን። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በአብዛኛው የሚያየው የተጻፈውን መዝገብ ነው፤ አዲስ ማስረጃ የሚሰማው አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ነው። «ልጃችን ንጹሕ ነው» እያለ ሦስት ገጽ የሚሞላ አቤቱታ አያራምድም። ምስክሩ በየትኛው ገጽ ምን እንዳለ፣ ፍርዱ ያንን ቃል እንዴት እንዳለፈው ወይም እንዳጣመመው እየጠቀሱ መጻፍ ነው የሚያስኬደው። ባለሙያው ጠበቃ ለአቤቱታው ብቻ ሊዋዋል ይችላል። የሥራው ወሰንና ክፍያው በጽሑፍ ይስፈር። ዳኛ አውቃለሁ፣ መዝገብ አስቀድማለሁ ለሚል ደላላ ግን አንድ ሳንቲም አይሰጥ።

ጥፋተኛነቱ የማያከራክር ከሆነ የቅጣቱን ስሌት መመርመር ይገባል፤ በእኛ እምነት ብዙ ዓመት ሳይታይ የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። ፍርዱ ወንጀሉን በየትኛው ደረጃ (የክብደት መደብ) አስቀመጠው? ከየትኛው እርከን (የቅጣት መጠን መነሻ) ተነሣ? የትኞቹን ማክበጃዎችና ማቅለያዎች ቆጠረ? የወንጀል ሕጉ ቁጥር 84 ማክበጃዎችን ይዘረዝራል፤ ሆኖም የወንጀሉ አካል የሆነውን ወይም በልዩ ድንጋጌው ቅጣቱን ያከበደውን ነገር ዳግመኛ መቁጠርን ይከለክላል። በመሣሪያ መፈጸሙ ወንጀሉን ከባድ አድርጎት ሳለ መሣሪያ መያዙ እንደገና ማክበጃ ሆኖ ከተቆጠረ ይህ ግልጽ የይግባኝ ነጥብ ነው። ቀድሞ መልካም ጠባይ የነበረው መሆኑ፣ እውነተኛ ጸጸቱ፣ ተጎጂውን መርዳቱ በቁጥር 82 ማቅለያ ናቸው፤ ለሥር ፍርድ ቤት ቀርበው ከታለፉ በስም እየጠቀሱ ማንሣት ነው። ከመፈረዱ በፊት የታሰረበት ጊዜ መታሰቡም ይታይ።

ክሱን አምኖ የተፈረደበት ሰው ይግባኝ የሚለው በቅጣቱ መጠንና ሕጋዊነት ላይ ብቻ ነው። ዐቃቤ ሕግም ቅጣቱ አነሰ ብሎ ይግባኝ ሊል እንደሚችል አይዘንጋ። የሰበር ሰሚ ችሎት ደግሞ የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን እንጂ የምስክርን ተአማኒነት አይደለም፤ የፍሬ ነገር ክርክር ለዚያ ቀን ብሎ ማስቀመጥ አይጠቅምም።

ምንም ገንዘብ ለሌለው ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5፣ ፍትሕ የሚጓደልበት ሁኔታ ካለ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። በፍርድ ቤቶች ያሉትን የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤቶች፣ በሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር ያሉትን የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም መጠየቅ ይቻላል። አቅም እንደሌለው የሚገልጽ ማስረጃ ከቀበሌ ወይም ከወረዳ ይዞ በመጀመሪያው ሳምንት መሄድ ይበጃል፤ 30 ቀኑ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው የመጣን መዝገብ የትኛውም ጠበቃ በወጉ አያነበውም።

ፍርድ ቤቶችን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ፍርዱ በተነበበበት ችሎት 15 ቀኑና ማመልከቻው የሚገባበት ቢሮ ፍርደኛው በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፤ ይኸው በአንድ ቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ለቤተሰቡ ይሰጥ።

ከአክብሮት ጋር፣
በወንጀል ጉዳዮች ላይ የምንሠራ የሕግ ባለሙያዎች