ለሠርጉ ስለማዘጋጅልሽ ብርሌ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ጾሙስ አልከበደሽም? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ባሕር ዳር ጠዋት ጠዋት ከጣና የሚነሣው ነፋስ ከመቀዝቀዙ በቀር የሚያስከፋ ነገር የለም። ሆቴሉም እንግዳ አላጣም፤ እኔም ከባንኮኒው ጀርባ እንደቆምኩ ነው።

የምጽፍልሽ በጥር ስለሚሆነው የወንድሜ ሠርግ ነው። በስልክ ልነግርሽ ብሞክር እንደ ልማድሽ «ካርድህ አለቀ፣ በል ደኅና ሁን» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ደብዳቤ ከሆነ ግን መነጽርሽን አድርገሽ ደጋግመሽ ታነቢዋለሽ፤ የማትስማሚበት ቦታ ስትደርሺም የምትቆጪው ወረቀቱን ነው።

ሐኪሙ አልኮል ከምትወስጂው መድኃኒት ጋር እንደማይስማማ ከነገረሽ ወዲህ ጠጁንም ጠላውንም አረቄውንም እርግፍ አድርገሽ ተውሽ። ደግ አደረግሽ። እኔን ያልተዋጠልኝ ሌላ ነው። ባለፈው የማርያም ማኅበር ተራ እኛ ቤት በደረሰ ጊዜ ሰው ሁሉ ብርሌውን ይዞ ሲጫወት፣ ለአንቺ የቀረበልሽ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ነበር። የጠርሙሱን ላብ በነጠላሽ ጫፍ ጠረግሽና ክዳኑን ሳታስከፍቺ ከመደቡ ሥር አቆምሽው። ማንም ልብ አላለም። ጋኑን በግራዋ ያጠበችው፣ በወይራ ያጠነችው፣ ጠጁን የጣለችው ሴት በገዛ ቤቷ የደረሳት ከሱቅ የመጣ ስኳር ያለው ውኃ ነው። ቤቱ ውስጥ ላንቺ ተብሎ የተሠራ አንድም መጠጥ አልነበረም።

ይህ ደግሞ የአንቺ ቤት ወግ አይደለም። ድግስ በደረሰ ቁጥር ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጠጅ ገብቶበት በማያውቅ እንስራ፣ ጌሾ ሳይነካው፣ ጥሩ ማር መርጠሽ ብርዝ ትበጠብጪላቸው ነበር። አንዳንዴም ገብሱን አሳርረሽ ቃሪቦ ታዘጋጂ ነበር። ማሩን ለጠጁ ቆጥበሽ ብርዙን አቅጥነሽ አታውቂም። እንዲያውም አባባ «ለብርዙ ይህን ያህል ማር ምን ያደርጋል?» ብሎ በጠየቀ ቀን የመለስሽለትን መልስ እዚህ አልጽፈውም፤ ታስታውሺዋለሽ። አሁን የማይጠጣው ሰው አንቺ ስትሆኚ የሚበጠብጥልሽ ሰው መጥፋት የለበትም። በዚህ ሠርግ አሳላፊው እኔ ነኝ፤ የአንቺም ብርሌ የእኔ ጉዳይ ነው።

ያሰብኩትን ልንገርሽ። እታለም ከጀርመን በሰው እጅ አንድ ከረጢት ደረቅ ፍሬ ልካልኛለች። ኤልደርቤሪ ይባላል፤ እነሱ ሆሉንደር ይሉታል። በአጥርና በመንገድ ዳር የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። በእኛ ግንቦትና ሰኔ ነጭ አበባ ያወጣል፤ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ዘለላው ጠቁሮ ይንጠለጠላል። ፍሬዋ ከአተር ታንሳለች፣ ጭማቂዋ ግን የነካውን ጨርቅ አይለቅም። እታለም ራሷ ለቅማ፣ ከአገዳው በሹካ አራግፋ፣ ያልበሰለውን አረንጓዴ ለይታ ጥላ አድርቃዋለች።

አንድ ነገር አደራ። ይህ ፍሬ ጥሬውን አይበላም። ቅጠሉም፣ አገዳውም፣ ዘሩም ሆድ የሚያናውጥና የሚያስመልስ ነገር አለባቸው፤ ከፍሬው ግን በደንብ ሲፈላ ይጠፋል። ስለዚህ ከረጢቱ እጅሽ ሲገባ ከፍ አድርገሽ አስቀምጪው፤ ሕፃናቱ ዘቢብ መስሏቸው እፍኝ እንዳይቅሙ። እታለም ለጉንፋን ፍቱን ነው ትላለች፤ እዚያ አገር በክረምት ከቀረፋ ጋር አሙቀው ይጠጡታል። እኔ ግን መድኃኒት ነው ብዬ አላቀርብልሽም። የማቀርብልሽ ስለሚጣፍጥ ነው። ያም ሆኖ ለቀጠሮሽ ስትሄጂ ለሐኪሙ አንድ ቃል ጣል አድርጊ።

አሠራሩ ለአንቺ ቀላል ነው። 100 ግራም ደረቅ ፍሬ በአንድ ሊትር ውኃ ይዘፈዘፋል። በነጋታው ከነውኃው ይጣዳል። የተቀጠቀጠ ዝንጅብል፣ አንድ ስንጥር ቀረፋና ጥቂት ቅርንፉድ ይጨመርበታል። መንተክተክ ሲጀምር እሳቱ ይቀነስና ውኃው በግማሽ እስኪጎድል ይቆያል። የእታለም ጽሑፍ ግማሽ ሰዓት ይላል፤ ነገር ግን እሷ ያለችበት ከተማ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አይልም። አንቺ ያለሽበት ደብረ ማርቆስ ግን ወደ 2,400 ሜትር ላይ ስለሆነ ውኃው የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽሮሽንም ባቄላሽንም ከቆላ ሰው ይልቅ ብዙ የምታቆዪው ለዚህ ነው። ስለዚህ አንድ ሰዓት ሙሉ ይንተክተክ፤ ውኃው ፈጥኖ ከጎደለ ጨምሪበት። ከዚያ በንጹሕ ሻሽ አጥልለሽ ጨምቂው። የጥምቀት ነጠላሽን እንዳትነኪ፤ ነግሬሻለሁ።

ጭማቂው ለብ እስኪል ጠብቂና በግማሽ ሊትሩ ግማሽ ኪሎ ማር በጥብጪበት። ማሩ አይፍላ፤ ሽታው ይሄዳል። እንዳይቀጥንም ተጠንቀቂ። ማርና ውኃ ቀጥኖ ሙቀት ካገኘ ምን እንደሚሆን ለአንቺ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ በሳምንቱ አልኮል የሌለው ያልነው ሽሮፕ ሌላ ጠጅ ሆኖ ይጠብቀናል። የሚሠራው ሠርጉ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሲቀረው ነው፤ በፈላ ውኃ በታጠበ ጠርሙስ ተደርጎ ከፍሪጅ ይገባል። ከዚህ ልክ 25 ያህል ብርሌ ይወጣል፤ እኔ ግን አራት እጥፉን ነው የማስበው፤ አንቺ ብቻ አይደለሽማ። ጎረቤቶቻችን አሉ፣ ሹፌሮቹ አሉ፣ ያረገዘችው የአክስቴ ልጅ አለች።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። በዚህ ሥራ ላይ ሆኜ ያየሁት ነገር አለ፤ ከመጠጥ አልኮሉ ሲወጣ የሚጎድለው ሞቅታው ብቻ አይደለም። ጉሮሮ ላይ የሚሰማው ሙቀት፣ ምሬቱ፣ ከተዋጠ በኋላ ምላስ ላይ የሚቆየው ጣዕም አብረው ይወጣሉ፤ የሚተርፈው ጣፋጭ ብቻ ነው። ጣፋጭ ደግሞ ሁለት ጊዜ ከተጎነጩት ይሰለቻል። ስለዚህ የወጣውን በሌላ መንገድ መመለስ ያስፈልጋል። ሙቀቱን ዝንጅብሉ ይሰጣል። ኤልደርቤሪው ራሱ ምላስን ያዝ የሚያደርግ ነገር አለው፤ ስለዚህ ቶሎ አይጠፋም። ኮምጣጣነት ግን ይጎድለዋል፤ ሎሚ የግድ ነው። ሎሚው ጠብ ሲልበት ተመልከቺው፤ ያ ጥቁር ሐምራዊ ቀለም ዓይንሽ እያየ ወደ ቀይ ይፈካል።

ምሬቱን የማመጣው ከአንቺ ጓሮ ነው። አንድ እፍኝ የጌሾ ቅጠል በአንድ ብርጭቆ ውኃ አፍልቼ አጠልላለሁ። ብርሌው ውስጥ የሚገባው ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ ነው፤ ከበዛ መጠጡን ያበላሸዋል። አልኮል የለውም፣ አልተጠመቀም፤ ሽታው ግን የጠጅ ቤት ሽታ ነው። እዚህ ሠርቼ ስቀምሰው ማሩና ጌሾው ተገናኝተው የአንቺን ጓዳ አመጡብኝ፤ በዚያ ጊዜ ነው ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የወሰንኩት።

አቀራረቡ እንዲህ ነው፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሽሮፕ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሎሚ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የጌሾ ውኃ። እነዚህ አስቀድመው ይዋሐዱ፤ ማር ከቀዝቃዛ ነገር ጋር ቶሎ አይግባባም፣ ከታች ይተኛል። ከዚያ ቀዝቃዛ አምቦ ውኃ በብርሌው ግድግዳ ላይ ቀስ ተደርጎ ይወርዳል፤ ከላይ ከተለቀቀ ጋዙ አንገቱ ላይ ገንፍሎ ያልቃል። ብርሌዎቹ አዲስ ይሁኑ። ጠጅ የጠገበ ብርሌ ቢታጠብም ለጎረቤቶቻችን አይቀርብም፤ ይህን ያወቅሁት ከአንቺው ነው።

ለሚጠጡትም አልነፈግሁም። እዚህ ሆቴል ከጂን ጋር አቀርበዋለሁ፤ የአውሮፓ እንግዶች ከአበባው የሚሠራውን ሽሮፕ ይበልጥ ስለሚያውቁት የፍሬው ቀለም ይገርማቸዋል። ለሠርጉ ግን የአክስቴን የዳጉሳ አረቄ ነው የምፈልገው። አረቄ 40 ሚሊ ሊትር፣ ሽሮፕ 20፣ ሎሚ 20፤ ከበረዶ ጋር ዘግቼ አጥብቄ እንጠዋለሁ፣ አጥልዬ እቀዳለሁ፣ ከላይ ትንሽ አምቦ። የቤት አረቄ እንደ ፋብሪካ ጂን የአልኮሉ መቶኛ ጠርሙሱ ላይ አልተጻፈበትም፤ ልኩ እንደ አውጪዋ ይለያያል። ሎሚና ማር ደግሞ ኃይሉን ይደብቁታል፤ ሰው ሳያስበው ይደግማል። ስለዚህ የምቀዳው እኔ ብቻ ነኝ፤ አጎቴ ጣሳ ይዞ ቢመጣ አልሰጠውም።

ጠጅሽን ግን አልነካውም። ሽሮፕ ቢጨመርበት ቀለሙ ያምራል ያሉኝ አሉ፤ እምቢ ብያለሁ። ይህን ስል አንድ የሚያስቅሽ ታሪክ ትዝ አለኝ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፖርቱጋል ውስጥ ነጋዴዎች ደካማውን የፖርት ወይን በዚሁ በኤልደርቤሪ እያጠቆሩ ምርጥ ነው ብለው ይሸጡ ነበር። ማርኬዝ ዲ ፖምባል የተባሉት የመንግሥቱ ባለሥልጣን ነገሩ ቢያስመርራቸው በወይን አገሩ ያለው የኤልደርቤሪ ተክል ሁሉ ተነቅሎ እንዲጠፋ አዘዙ። በስኳርና በቀለም የሠሩትን «የማር ጠጅ» ብለው የሚሸጡትን የምትረግሚው አንቺ በእሳቸው ቦታ ብትሆኚ ኖሮ ከተክሉ አልፈሽ ነጋዴዎቹንም ታስነቅያቸው ነበር።

ደግሞ ሳልረሳው፤ የእህቴ ሕፃን ዓመት እስኪሞላት ድረስ ከዚህ ሽሮፕ በጣትም ቢሆን እንዳታቀምሷት። ማር አለበት፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አደገኛ መሆኑን ሐኪሞች አጥብቀው ይናገራሉ። አንቺ ሁላችንንም በማር እንዳሳደግሽን አውቃለሁ፤ ቢሆንም እሺ በይኝ።

ከአንቺ የምፈልገው ጥቂት ነው። ጌሾውን ለጠጁ ስትለቅሚ ለጋውን ቅጠል ለይተሽ በጥላ አድርቂልኝ። የማሩን ነገር አንቺ ቁረጪ፤ የሰከላው ነጭ ማር ለዚህ መጠጥ ይስማማል ባይ ነኝ፣ ጥቁሩ የፍሬውን ጣዕም ይውጠዋል። ወንድሜ ለጓደኞቹ ጥሪ ሊያደርስ ቅዳሜ ወደዚህ ይመጣል። ከሁለቱም ማር ትንሽ ትንሽ በእሱ ላኪልኝ፤ ሠርቼ በሁለት ጠርሙስ መልሼ እልክልሻለሁ፣ የወደድሽውን ትነግሪኛለሽ።

ልጅሽ
ባሕር ዳር