ቆሻሻው የሚለየው አልጋው አጠገብ ነው

ክቡር አዘጋጅ፣

በመሀል አዲስ አበባ፣ በአራዳም በልደታም፣ ሆስፒታልና መኖሪያ ቤት አጥር ይጋራሉ። ስለዚህ የሆስፒታሉ ቆሻሻ ማቃጠያ ጭስ የጎረቤትም ጉዳይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከጤና ተቋም ቆሻሻ 85 በመቶ ያህሉ ከቤት ቆሻሻ አይለይም፤ ካርቶን፣ የምግብ ትራፊ፣ መጠቅለያ። ሆኖም ደም የነካው አንድ ጎዝ የተራ ቆሻሻው ጥቁር ባልዲ ውስጥ ከገባ ሙሉው ባልዲ እንደ ተላላፊ ይቆጠራል። የተላላፊ ቆሻሻው ቢጫ ባልዲና ጥቁሩ ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ ቢጫው ብቻውን ከቆመ የሙዝ ልጣጩም እዚያው ይጣላል።

ሴፍቲ ቦክስ፣ ማለትም ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሣጥን፣ መርፌ በሚወጋበት ቦታ፣ እጅ በሚደርስበት ይሁን። ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋ። የመርፌ ክዳን መልሶ መግጠም ይቅር። ቦክስ ሲያልቅ በባዶ ሃይላንድ መተካት ደግሞ ቁጠባ አይደለም፤ መርፌው ጎኑን በስቶ የሚወጋው ከረጢት ተሸካሚዋን የጽዳት ሠራተኛ ነው።

ባለ ሁለት ክፍል ማቃጠያ ጭሱን ዳግም የሚያቃጥለው ሁለተኛው ክፍሉ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ ቆሻሻ አይጨመርበት። እርጥብ ነገር በአንዴ ሲታጨቅበት ሙቀቱ ይወርዳል፣ ጭሱ ይጠቁራል። ከፒቪሲ (ክሎሪን ካለበት ፕላስቲክ) የተሠራ የግሉኮስ ከረጢትና በረኪና የተነከረ ዕቃ እሳት ውስጥ አይግቡ፤ ክሎሪኑ ዳዮክሲን የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ይፈጥራል። ተላላፊውን ፕላስቲክ በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ)፣ በ121 ዲግሪ ቢያንስ 30 ደቂቃ ማምከን ይቻላል። እንፋሎቱ እንዲደርሰው ግን ከረጢቱ ታጭቆ አይታሰር።

መድኃኒትም ጊዜው አልፎ ቆሻሻ እንዳይሆን፣ መጋዘን ውስጥ ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው ቀድሞ ለአገልግሎት ይውጣ። በየዋርዱ የሚወጣው ቢጫ ከረጢት በየቀኑ ተመዝኖ ይመዝገብ፤ ኪሎው ድንገት የጨመረበት ዋርድ የትኛው እንደሆነ በዚያው ሳምንት ይታወቃል።

የጤና ተቋማት ቆሻሻ አያያዝ ባለሙያዎች፣ ከአዲስ አበባ