ለምክር ቤት ልትወዳደር ላሰብከው ወዳጄ

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰብህስ ደኅና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ብዙ ጊዜ ሳንጻጻፍ ብንቆይም፣ ጥብቅናውን ትተህ ለምክር ቤት ለመወዳደር ማሰብህን የነገርከኝ ከልቤ አልወጣም። መልሴን እዚህ እስራኤል ስከታተላት በኖርኩት በፕኒና ታመኖ ሻታ ታሪክ ልስጥህ።

ፕኒና እ.ኤ.አ. በ1981 በጎንደር ገጠር ተወልዳ፣ በሦስት ዓመቷ ከአባቷና ከወንድሞቿ ጋር በሱዳን በኩል፣ የኢትዮጵያ አይሁድን ወደ እስራኤል ባጓጓዘው በሙሴ ዘመቻ እስራኤል ገባች፤ እናቷ የደረሱት ከዓመታት በኋላ ነው። ሕግ ተምራ ጠበቃ ሆነች፤ በቴሌቪዥን ጋዜጠኝነትም ሠርታለች። በ2013 በየሽ አቲድ ፓርቲ ተመርጣ ክኔሴት (የእስራኤል ምክር ቤት) የገባች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያ የተወለደች ሴት ናት።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የደረሰባትን ግን ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ። የማገን ዳቪድ አዶም (የእስራኤል የድንገተኛ ሕክምናና የደም አገልግሎት ድርጅት) ሠራተኞች ደም ሊሰበስቡ ክኔሴት መጥተው ሳለ እርሷም ልትለግስ ብትቀርብ፣ ኢትዮጵያ የተወለደ ሰው ደም በመመሪያው መሠረት እንደማይወሰድ ተነገራት፤ አጥብቃ ስትከራከር ደግሞ ደሙ ቢወሰድም በረዶ ሆኖ ይቀመጣል እንጂ አገልግሎት ላይ አይውልም አሏት። ልብ በል፣ ይህን የሚሏት ሕግ አውጪን ነው፤ ያውም በገዛ መሥሪያ ቤቷ፣ ካሜራ እየቀረጸ። ቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ የለገሰው ደም በስውር ሲደፋ መኖሩ በ1996 ተጋልጦ ወገናችን በቁጣ አደባባይ ስለወጣ፣ ነገሩ የቆየ ቁስል ነበር። አሁን ግን አፈ ጉባኤው ሳይቀሩ ተቆጥተው ደም ሰብሳቢዎቹን ከግቢው አስወጡ። ገደቡ እስኪነሣ እንኳ ዓመታት ፈጅቷል። ጠበቃ መመሪያ ጠቅሶ ለደንበኛው ይከራከራል፤ በዳዩ ራሱ መመሪያው ሲሆን ግን ሙግቱ ወደ ሕግ አውጪው ቤት መሻገር ያለበት ይመስለኛል።

ወንበሩ የማይጸና መሆኑንም አትርሳ። በ2015 ምርጫ ፓርቲዋ ብዙ መቀመጫ ሲያጣ እርሷም ወጣች፤ በ2018 አንድ አባል ሲለቅ ተተክታ ተመለሰች። በ2020 ከየሽ አቲድ ተለይታ ወደ መንግሥት ከገባው ፖለቲከኛ ከቤኒ ጋንትዝ ጋር በመሰለፏ የአሊያና ቅሊጣ (ወደ እስራኤል የሚገቡ አይሁድን የመቀበልና የማቋቋም) ሚኒስትር ሆነች፤ ኢትዮጵያ ተወልዶ እዚህ ሚኒስትር የሆነ ከእርሷ በፊት አልነበረም። ፓርቲዋን ከዳች ያሏት አልጠፉም፤ እኔ አልፈርድባትም፤ ወደ እስራኤል ለመግባት ጎንደርና አዲስ አበባ ወረፋ ሲጠብቁ ለኖሩት ወገኖች ከተቃዋሚ ንግግር ይልቅ የሚኒስትር ሥልጣን ይጠቅማቸው ነበርና። በታኅሣሥ 2020 መጀመሪያ 316 ሰዎች በአንድ አውሮፕላን ቤን ጉርዮን አውሮፕላን ማረፊያ ሲያርፉ፣ ሽማግሌዎች መሬቱን ሲስሙ አይተናል። ከዚያ ወዲህም ብዙ ቤተሰብ ተከፍሎ ቀርቷል፤ ለዚህ እርሷንም ሆነ መንግሥቱን የሚወቅስ ሰው ሐሰተኛ ነው አልልም።

ለመሆኑ የያዝካቸውን መዝገቦች ለማን ልታስረክብ አስበሃል? በየትኛው የምርጫ ክልልስ ትወዳደራለህ? በግል ነው ወይስ በፓርቲ? ይህን የመጨረሻውን ሳትወስን እንዳትመዘገብ፤ ጻፍልኝና እንመካከርበት።

አክባሪ ወዳጅህ