እጁ አንድ ቦታ፣ ድምፁ ሌላ ቦታ፦ ስለ ኮንጋ የቪዲዮ ኮርሳችሁ የቀረበ ቅሬታ

ለኦንላይን የከበሮ ትምህርት ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ የአፍሮ ኩባ ኮንጋ የቪዲዮ ኮርስ ውስጥ ያሉ ስህተቶች እንዲታረሙና ክፍያ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

የአንድ ዓመት ከፍዬ ኮንጋ፣ በእጅ የሚመታውን የኩባ ከበሮ፣ ከእናንተ መማር ከጀመርኩ ሰባተኛ ወር ይዣለሁ። በእነዚህ ወራት አምስት ጊዜ በቻት፣ ሁለት ጊዜ በኢሜይል አመልክቻለሁ። መልስ አግኝቻለሁ፤ መፍትሔ ግን የለም። ስለዚህ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ልጻፍላችሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ረዘም ይላል። እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

በቅድሚያ ጥሩውን ልናገር። የመጀመሪያዎቹ ስምንት ትምህርቶች በጣም ጥሩ ናቸው። ክፍት ድምፅ እንዴት እንደሚወጣ ከእናንተ ነው የተማርኩት። ጣቶች ገጠም ብለው፣ ጣትና መዳፍ የሚገናኙበት መስመር የከበሮው ጠርዝ ላይ አርፎ፣ ቆዳውን ነክቶ ወዲያው መነሳት። ያ ድምፅ ጥርት ብሎ ሲወጣልኝ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። መምህሩ በዚያ ክፍል ላይ አይቸኩልም፤ ደጋግሞ ያሳያል። ሦስቱንም ደረጃ በአንድ ጊዜ የገዛሁት ያንን አይቼ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው 9ኛው ትምህርት ላይ ነው።

ትምህርቱ ስለ ቱምባኦ፣ ማለትም ስለ ኮንጋ መሠረታዊ ተደጋጋሚ አመታት ነው። ኮንጋ የሚማር ሰው በዚህ ሳያልፍ የትም አይደርስም። ግራ እጅ አንዴ በመዳፉ ግርጌ፣ አንዴ በጣቶቹ ጫፍ ቆዳው ላይ ይወዛወዛል። ቀኝ እጅ አራት ምት ሲቆጠር 2 ላይ ስላፑን፣ ማለትም እንደ ጥፊ ጮክ የሚለውን ምት፣ ይመታል፤ 4 ላይ ደግሞ ሁለቱን ክፍት ድምፆች ያከታትላል። ከሩቅ የሚሰማው ቀኙ ነው። ሰዓቱን የሚይዘው ግን ያ ብዙም የማይሰማው ግራ እጅ ነው። ግራው ከተበላሸ ሁሉም ነገር ይበላሻል።

በቪዲዮው ላይ ድምፁ ከእጁ ዘግይቶ ይመጣል። መጀመሪያ ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ነበር። ገመድ አልባ ማዳመጫ ድምፅ እንደሚያዘገይ ስለማውቅ ባለገመድ ሰካሁ። ያው ነው። ከስልክ ወደ ኮምፒዩተር ቀየርኩ። ያው ነው። ጓደኛዬ ዘንድ ሄጄ በሌላ ኢንተርኔት ከፈትኩት። አሁንም ያው ነው። ከ1 እስከ 8 ያሉት ቪዲዮዎች ደግሞ በዚያው ስልክ፣ በዚያው ማዳመጫ ልክ ናቸው። እንግዲህ ስህተቱ ያለው ፋይሉ ውስጥ ነው። በመጨረሻ አውርጄ ፍሬም በፍሬም አየሁት። መዳፉ ቆዳውን ሲነካ ድምፅ የለም። እጁ ተነስቶ አየር ላይ ሲደርስ ነው «ጧ» የሚለው። ልዩነቱ 3 ፍሬም ነው። ቪዲዮው በሰከንድ 30 ፍሬም ስለሆነ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ማለት ነው።

ሰው ቁጭ ብሎ ሲያወራ የሚያሳይ ቪዲዮ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም። ለከበሮ ግን ብዙ ነው። በደቂቃ 100 ምት ሲኬድ፣ በቱምባኦ ውስጥ ከአንዱ የእጅ ንክኪ እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ 0.3 ሰከንድ ነው። መዘግየቱ የዚያን ሲሶ ይበላል። ጀማሪ ደግሞ የሚማረው መምህሩን እያየ ነው። እኔም ዓይኔን አምኜ እጁን ተከተልኩ። አራት ወር ሙሉ፣ በቀን አንድ ሰዓት፣ ከምቱ ቀድሞ የሚያርፍ ግራ እጅ አሠለጠንኩ። ይህን መልሶ ማስተው ከመጀመሪያው መማር የባሰ ከባድ መሆኑን አሁን እያየሁት ነው።

ይህን ባመለክት «ካሽ ያጽዱ፣ የኢንተርኔት ፍጥነትዎን ያረጋግጡ» የሚል መልስ መጣልኝ። ሦስት ጊዜ። ቃል በቃል አንድ ዓይነት። ቪዲዮውን ከፍቶ ያየ ሰው የለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ለእኔ ከዚህም ይከብዳል፤ ምክንያቱም የቴክኒክ ሳይሆን የእውቀት ነው። ስለ ክላቬ ነው፤ በሁለት እንጨቶች ስለሚመታውና ሁሉም ተጫዋች ስለሚከተለው የአምስት ምት ዙር። በኩባ ሙዚቃ ክላቬ ማለት ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አይገባኝም ነበር፤ ግን 24ኛውን ትምህርት ካየሁ በኋላ ግድ ሆነብኝ። አንዱን ዙር ወደ 16 እኩል ቦታዎች እንከፋፍለው። ሶንና ሩምባ የኩባ የሙዚቃ ስልቶች ናቸው፤ ክላቬያቸው ይለያያል። የሶን ክላቬ 1፣ 4፣ 7፣ 11 እና 13 ላይ ይመታል። የሩምባ ክላቬ 1፣ 4፣ 8፣ 11 እና 13 ላይ ነው። ሦስተኛዋ ምት ብቻ በአንድ ቦታ ዘግየት ትላለች። ጓጓንኮን፣ ያንን ፈጣን የሩምባ ዓይነት፣ ተንጠልጥሎ ወደፊት እንዲጎትት የምታደርገው ያቺ አንዲት ምት ናት።

የ24ኛው ትምህርት ርዕስ «ጓጓንኮ በሩምባ ክላቬ» ይላል። አብሮት የሚወርደው ፒዲኤፍም ሦስተኛዋን ምት 8 ላይ በትክክል ጽፏታል። ቪዲዮው ላይ የሚመታው ግን 7 ላይ ነው፤ የሶን ክላቬ ነው። ወረቀቱና ድምፁ አይስማሙም። ስጠይቅ «እንደ አጨዋወቱ ይለያያል» ተባልኩ። አዎ ይለያያል። ትምህርቱ ስለ ሌላው የሩምባ ዓይነት ስለ ያምቡ ቢሆን ኖሮ አልከራከርም ነበር፤ ዝግ ያለው ያምቡ በሶን ክላቬ ሲሄድ ይሰማል። እናንተ ግን ጓጓንኮ ነው፣ የሩምባ ክላቬ ነው ብላችሁ ጽፋችሁ ሌላ አሰማችሁኝ። ይህ የአጨዋወት ልዩነት አይባልም። ስህተት ነው።

ያስከተለውንም ልንገራችሁ። በቅርቡ ሩምባ ከሚጫወቱ ሰዎች ጋር የመቀመጥ ዕድል አገኘሁ። ትሬስ ዶሱን፣ ማለትም መካከለኛውን ከበሮ ሰጡኝ። ትምህርቱን ጨርሻለሁ ብዬ ስለማምን አልፈራሁም። አራት ዙር ያህል እንደሄድን ክላቬ የሚመታው ሰውዬ እንጨቶቹን አቆመ። ሌሎቹም አቆሙ። «ክሩሳዶ» አለ። ከክላቬው ጋር ተጣርሰሻል ማለቱ ነው። ከዚያ ተነስቶ አጠገቤ መጣና የራሱን መዳፍ ከግራ እጄ ሥር አስገባ። «ክብደትሽን ጣይብኝ» አለኝ። አልቻልኩም። ክንዴ እስከ ትከሻዬ ደርቋል። ጥቂት ጠብቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህ እጅ ማንንም አይሰማም፤ ማንን እያየሽ ነው የተማርሽው?» አለኝ።

ከዚያ ክላቬውን በአፌ እያልኩ በአንድ እጅ ብቻ እንድመታ አደረገኝ። ቀጥሎ በእግሬ ምቱን እየረገጥኩ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከበሮውና ክላቬው ሲነጋገሩ ሰማሁ። ይህን ቀላል ልምምድ ካየኋቸው 40 ቪዲዮዎች አንዱም አላሳየኝም። ክላቬው ሦስት ምት ካለው ግማሽ ሲጀምርና ሁለት ምት ካለው ግማሽ ሲጀምር ምን እንደሚለያይም አንድም ቦታ አልተነገረም። ሁሉም ልምምድ በሜትሮኖም፣ ማለትም ምት በሚቆጥር መሣሪያ ነው። ሜትሮኖም ፍጥነት ይጠብቃል፤ የት እንዳለሁ ግን አይነግረኝም።

ስለ ስላፕ የምለው አጭር ነው፤ ግን የጤና ጉዳይ ስለሆነ ችላ እንዳትሉት። 17ኛው ትምህርት ላይ መምህሩ ድምፁ ካልወጣ «ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ» ይላል። እንደተባልኩት አደረግኩ። የመሀል ጣቴ አንጓ አብጦ ዘጠኝ ቀን ከበሮ አልነካሁም። ስላፕ የሚወጣው እጁ ሳይወጠር፣ መዳፉ ትንሽ ጎድጎድ ብሎ፣ የጣቶቹ ጫፍ ቆዳውን እንደ ጅራፍ ሲያገኘው ነው። ኃይል ሲጨመር ድምፁ ይደፈናል፤ ጣቱም ይጎዳል። እጅን ስለማሟሟቅ የተባለ አንዲት ቃል እንኳ የለም።

ካሜራውም ሌላ ችግር ነው። ከ9ኛው ትምህርት ጀምሮ የሚቀረጸው ከፊት ለፊት ብቻ ነው። የመምህሩ ግራ እጅ ከእኔ በስተቀኝ ይታያል፤ የመዳፉን ግርጌ ደግሞ የከበሮው ጠርዝ ይጋርደዋል። ማለትም ዋናው ነገር አይታይም። የኮርሱ መግለጫ «ከላይ የተቀረጸ እይታ በሁሉም ትምህርት» ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። እኔ የቆጠርኩት በስድስት ቪዲዮዎች ላይ ብቻ ነው።

አሁን ስለ ግል እርማቱ። ለዚህ ተጨማሪ ከፍያለሁ። ተማሪ ራሱን ቀርጾ ይልካል፣ መምህር አይቶ ያርማል ተብሎ ነው። አራት ቪዲዮ ላክሁ። አራቱም ላይ የግራ እጄ መቻኮል በግልጽ ይታያል፤ አሁን መለስ ብዬ ሳየው ለእኔ እንኳ ይታየኛል። የመጡልኝ መልሶች ግን «ጎበዝ! ድምፅሽ በጣም አድጓል፣ ቀጥይበት» የሚሉ ናቸው። ሦስተኛው ቪዲዮ በስህተት ድምፅ አልባ ሆኖ ነው የተላከው። ማይክሮፎኑ ጠፍቶ ነበር። ስለዚያም ቪዲዮ «ድምፅሽ በጣም አድጓል» ተብሎ ተጻፈልኝ። ይህን ሳነብ በጣም አዘንኩ። ሰው ሥራውን አምኖ ሲልክ፣ ቢያንስ ሊከፈትለት ይገባል።

አንድ ነገር ልጨምር። ምናልባት ለእናንተ የቅሬታ ጉዳይ አይመስላችሁ ይሆናል፤ ለእኔ ነው። ማስታወቂያችሁ ላይ «አፍሮ ኩባ» የሚለው በትልቁ ተጽፏል። ትምህርቱ ውስጥ ግን ኩባ የለችም። ኩባ ውስጥ ይህ ከበሮ ቱምባዶራ እንደሚባል አልተነገረኝም። ከኮንጎ አካባቢ በባርነት የተወሰዱ ሰዎችና ልጆቻቸው ከሚመቷቸው ዩካና ማኩታ ከተባሉ ከበሮዎች የተወለደ መሆኑም አልተነሳም። ሩምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሃቫናና በማታንሳስ ድሃ ሰፈሮች ሲበቅል፣ ሰዎች የዕቃ ማሸጊያ ሣጥን ይመቱ እንደነበር ያወቅኩት ራሴ አንብቤ ነው። ዩኔስኮ በ2016 እ.ኤ.አ. የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን የሩምባ ቡድን፣ የሎስ ሙኜኪቶስ ዴ ማታንሳስን ስም አንዴ እንኳ ብትጠሩልኝ፣ ገና በመጀመሪያው ወር እነሱን ማዳመጥ እጀምር ነበር። የ24ኛው ትምህርት ስህተትም ያኔውኑ ጆሮዬ ላይ በገባ ነበር።

ስም መጥራት ክብር መስጠት ነው፤ ለተማሪም መንገድ ማሳየት ነው። 31ኛው ትምህርት «የላቲን ግሩቭ ቁጥር 3» ይባላል። ይህን ብሎ ማን ምን ይፈልጋል? የተመታው ሶንጎ ነው። ከበሮ መቺው ቻንጊቶ ሎስ ቫን ቫን ከተባለው የኩባ ባንድ ጋር ያሳደገው ስልት። «ሶንጎ» ብላችሁ ብትጽፉት ተማሪው ፈልጎ ከባለቤቶቹ ይሰማዋል። ታላላቆቹን የኮንጋ መቺዎች ታታ ጉዊኔስን፣ ፓታቶ ቫልዴስን፣ ሞንጎ ሳንታማሪያን ሳይሰሙ ኮንጋ ተማርኩ ማለት እንዴት ይቻላል?

የምጠይቀው ይህን ነው። ከ9 እስከ 22 ያሉት ቪዲዮዎች ድምፃቸው ከምስሉ ጋር ተስተካክሎ እንደገና ይጫን። ሁሉንም አይቻለሁ፤ መዘግየቱ በአሥራ አራቱም ላይ አለ። 24ኛው ትምህርት እንደገና ይቀረጽ፤ እስኪቀረጽ ድረስ ከሥሩ የማስተካከያ ጽሑፍ ይለጠፍ፣ ሌላ ተማሪ እንደ እኔ እንዳይሳሳት። የ17ኛው ምክር ዛሬውኑ ይውረድ። የግል እርማቱ ክፍያ ሙሉ በሙሉ ይመለስልኝ፤ አገልግሎቱ አልተሰጠኝምና። ከዓመቱ ክፍያ የቀሩት አምስት ወራት ሂሳብም ይመለስ፤ ምዝገባዬም በራሱ እንዳይታደስ ይዘጋ። የመዝጊያውን ቁልፍ አፑ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም፤ በቻት ስጠይቅም ወደዚያው አፕ መራችሁኝ።

ማስረጃዎቹን አያይዣለሁ፦ የ9ኛው ትምህርት ሦስት ፍሬሞች፣ የ24ኛው ፒዲኤፍና ከቪዲዮው የተቆረጠ ድምፅ፣ እንዲሁም ድምፅ አልባው ቪዲዮዬ ከተሰጠው መልስ ጋር። በ15 ቀን ውስጥ የጽሑፍ መልስ እጠብቃለሁ። መልሱን የሚጽፍልኝ ሰው መጀመሪያ 9ኛውን ትምህርት ይክፈት። 2 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ላይ ያቁመው። ፍጥነቱን ወደ ሩብ ዝቅ ያድርግና የመምህሩን ግራ እጅ ይመልከት።

ከአክብሮት ጋር፣
የሦስቱም ደረጃ ተመዝጋቢ ተማሪያችሁ