አባዬ፣ ተሳቢ ገዛሁ

አባዬ እንዴት ነህልኝ? ጉልበትህስ ተሻለህ? ባለፈው በስልክ ልነግርህ ጀምሬ መስመሩ እየተቆራረጠ አስቸገረን፣ ደሞ እኔም ስልክ ላይ ስሆን እቸኩላለሁ፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ በደንብ ልጻፍልህ አልኩ። ፊደሉን ተለቅ አድርጌዋለሁ፣ መነፅርህን አድርገህ ራስህ ብታነበው ነው ደስ የሚለኝ፣ ወንድሜ ካነበበልህ እየዘለለ ነው የሚያነበው፣ እኔ ደሞ አንዷም እንድትዘለል አልፈልግም።

ተሳቢ ገዝቻለሁ። ያንተ አይነቱን አይደለም፣ ጭነት የምትጭን ሳትሆን ሰው የሚተኛባት፣ ካምፒንግ የሚወጣባት ትንሽዬ ካራቫን ነች፣ ርዝመቷ 4 ሜትር ገደማ፣ አካሏ በሙሉ ፋይበርግላስ። ከሩቅ ስታያት እንቁላል ነው የምትመስለው፣ ማዕዘን የላትም። ውስጧ ጠረጴዛ አለ፣ ማታ ዝቅ ይልና ከመቀመጫው ጋር ገጥሞ አልጋ ይሆናል፣ ከፊት ለፊት ደሞ ላንድ ሰው የሚሆን ሌላ መኝታ አለ፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ በቃ ይሄው ነው። አሮጌ ነች፣ ግን የራሴ ነች፣ በስሜ የተመዘገበ ጎማ ያለው ነገር ሲኖረኝ ከመኪናዬ ቀጥሎ ይሄ ሁለተኛው ነው።

ለምን ፋይበርግላስ እንዳልክ ይሰማኛል። አንተ እቃ እንዴት እንደተሰራ ሳታውቅ አታምነውም፣ እኔም ስለሷ ሳነብ አንተ ነህ ትዝ ያልከኝ። በፈረንጆች 1968 ካናዳ ውስጥ ዊኒፔግ የሚባል ከተማ ሬይ ኦሌኮ የሚባል ሰው ነበር፣ ሰውየው ከዛ በፊት የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ታንከር በፋይበርግላስ ሰርቶ ነበር፣ ከበድ ያለውን ነገር ቀላል ማድረግ ከተቻለ በዚሁ ነገር ለምን ቤት አልሰራም ብሎ ተነሳና በትንሽ መኪና የምትጎተት ካራቫን ሰራ። ቦለር አላት፣ ቅርጿ ቦውለር የሚባለውን ክብ ባርኔጣ ስለሚመስል። ባዶዋን ከ500 ኪሎ በታች ነበረች። ከዛ በኋላ አሜሪካም ሚኒሶታ ውስጥ ስካምፕ የሚባሉት ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ መሰራት ጀመሩ፣ እስከዛሬም ይሰራሉ። የኔም የነዚህ ዘር ነች።

አሰራሯን ብታየው በጣም ነበር የምትወደው። ትልቅ ሞልድ፣ ቅርፅ ማውጫ ማለት ነው፣ አለ፣ መጀመሪያ ውስጡ ጄልኮት የሚባለውን ቀለም ይረጩበታል፣ ያ ኋላ ላይ የውጪ ቆዳዋ ይሆናል፣ ከላዩ የተቆራረጠ የመስታወት ክር ሬዚን ከሚባል ሲደርቅ ከሚጠነክር ሙጫ ጋር ይነፉበታል፣ ሲደርቅ ከሞልዱ ያወጡታል። የላይኛው ግማሽ ለብቻ የታችኛው ግማሽ ለብቻ ተሰርቶ ወገቧ ላይ ይጋጠማል። እና ጣሪያዋ ላይ ስፌት የለም፣ ጥግ ላይ ስፌት የለም፣ ሌሎቹ ካራቫኖች ዝናብ የሚያስገቡት ብዙ ጊዜ በነዚህ መገጣጠሚያዎች ነው፣ ከዛ ውስጥ ያለው እንጨት ሳይታይ ይበሰብሳል። ፋይበርግላስ አይበሰብስም። 50 አመት የሞላቸው ዛሬም መንገድ ላይ አሉ።

ግን ሰው ቀዳዳ ያበጅባታል አባዬ፣ መስኮት፣ የጣሪያ መተንፈሻ፣ የውስጡን ሳጥኖች ከግድግዳው ጋር የያዙት ሪቬቶች፣ እንደ ሚስማር ያሉት ማያያዣዎች፣ ውሃ የሚገባው በነዚህ ነው። ልገዛ ስሄድ አንተ የሁለተኛ እጅ መኪና ስታይ የምታደርገውን ነው ያደረግኩት፣ ቀለሙን አላየሁም፣ ተንበርክኬ ስሯ ገባሁ፣ ሻሲዋን በባትሪ አየሁ፣ ከዛ ወለሉን በተረከዜ እየረገጥኩ ዞርኩ። ወለሏ እንጨት ነው፣ በሩ ስር ላይ ስረግጥ ሰጠም አለ። ገባኝ። ሻጩም አልደበቀም፣ ዋጋ ቀነሰልኝ።

ያላወቅኩት ሌላ ነበር። ከኔ በፊት የነበረው ሰው ቦታ ይሰፋል ብሎ በሩ አጠገብ የነበረውን ቁም ሳጥን ነቅሎ ጥሎታል። እኔ ቁም ሳጥን ልብስ መስቀያ ብቻ ነው ብዬ ነው የማውቀው፣ ለካ እዚች ውስጥ ምሰሶ ነው፣ እንደዚህ አይነቶቹ ውስጥ ጣሪያውን የሚሸከሙት ሳጥኖቹ ናቸው። ምሰሶው ሲነሳ ጣሪያው መሀሉ ላይ ጎደጎደ፣ ውሃ አቆረ፣ ያ ውሃ በመተንፈሻው ዙሪያ ሰርጎ ወለሉ ላይ ወረደ፣ በሩም አልገጥም አለ። ይሄንን ለማወቅ ሶስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። መጀመሪያ በሩን ነበር የምታገለው፣ ማጠፊያውን ስፈታ ሳስር፣ ጥፋቱ ግን በሩ ጋ አልነበረም። አንተ "እቃ የሚጮህበት ቦታ ሌላ የታመመበት ቦታ ሌላ" ትል አልነበር፣ እሷን እያልኩ ነው ጣሪያውን ያየሁት። ከጓደኛዬ ጋር ከውስጥ ጣውላ አቁመን በክሪክ ትንሽ ትንሽ እያደረግን፣ በቀን ጣት የማትሞላ እያነሳን፣ ቀጥ አደረግነውና ቁም ሳጥኑን እንደገና ሰራሁት። በሩ በራሱ ገጠመ። ሳልነካው! ያን ቀን ብቻዬን አልቅሻለሁ።

መስኮቶቹን ሁሉንም አውጥቼ መለስኳቸው። ሲሊኮን አልቀባሁም፣ ሲሊኮን ካለበት በኋላ ሌላ ነገር አይይዝም፣ ቢውቲል የሚባል እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ነገር አለ እሱን ዙሪያውን አድርጌ ነው የጠበቅኩት። ከዛ ጓደኛዬ ከውጪ በጎማ ውሃ ሲያፈስባት እኔ ውስጥ ሆኜ በባትሪ እያንዳንዷን ሪቬት አየሁ። አራት ቦታ ጠብታ አገኘሁ፣ አራቱንም ደፈንኩ። የጋዙን መስመር ደሞ በሳሙና አረፋ ፈትሼዋለሁ፣ አትጨነቅ፣ ማንቂያም ገጥሜያለሁ፣ ስንተኛም መስኮት ትንሽ ክፍት ይሆናል።

ጎማው ነገር ደሞ አንተን የሚያናድድህ ነው። ጥርሱ አዲስ ነው፣ ምንም አልተበላም፣ ሻጩ "ጎማው ገና ነው" ብሎኝ ነበር፣ ከልቡ ነው ያለኝ። ጎኑ ላይ ያሉትን የመጨረሻ 4 ቁጥሮች ሳይ 1409 ይላል፣ በፈረንጆች 2009 በ14ኛው ሳምንት የተሰራ ማለት ነው። ቆሞ ነው ያረጀው። የተሳቢ ጎማ ደሞ ባይሄድም በአምስት በስድስት አመቱ ይቀየራል ይላሉ፣ ፀሀይ ላይ ቆሞ ጎኑ ይሰነጣጠቃል፣ ሲፈነዳ የፋይበርግላሱን ስር ይዞ ነው የሚሄደው። ሁለቱንም ቀየርኩ፣ ስኮርታውንም። ኩሽኔታዎቹንም አውጥቼ አጥቤ አዲስ ግራሶ ሞላሁባቸው፣ እጄ እስከ ክርኔ ጥቁር ሆኖ፣ ያ ሽታ፣ አባዬ ያ ሽታ አንተ ነህ። ማታ ስትገባ የለበስከው ጃኬት።

አሁን ዋናውን ልንገርህ፣ ለዚህ ነው የጻፍኩት።

መጀመሪያ የወጣሁ ቀን እቃውን ሁሉ ከኋላ ነበር የጫንኩት፣ መሳሪያ ሳጥን፣ የውሃ ጀሪካኖች፣ ከኋላ ቦታ ስለነበረ ብቻ። ሜዳው ላይ ምንም አልነበረም። ቁልቁለት ላይ 80 ስደርስ ጭራዋ መወዛወዝ ጀመረች፣ መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዛ እየጨመረች፣ መኪናዬን ከኋላ ይዛ ግራ ቀኝ ታደርገኛለች። እግሬ ወደ ፍሬን ሄዶ ነበር። ግን አልረገጥኩም፣ ለምን እንዳልረገጥኩ አላውቅም፣ ነዳጁን ብቻ ለቀቅኩ፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፣ እሷም ቀስ በቀስ ተረጋጋች። ዳር ይዤ ቆምኩ፣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ሩብ ሰአት ያህል ከመኪናው አልወረድኩም።

በኋላ አስመዘንኳት፣ ከነጭነቷ 640 ኪሎ፣ አፍንጫዋ መንጠቆው ላይ የሚያሳርፈው ደሞ 35 ኪሎ ብቻ። ከጠቅላላ ክብደቷ ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን ነበረበት፣ ማለት ቢያንስ 64 ኪሎ። አፍንጫዋ ሲቀልና ጭራዋ ሲከብድ ነው የምትወዛወዘው። ባትሪውንና መሳሪያ ሳጥኑን ወደ ፊት አመጣሁ፣ ጀሪካኖቹን አክስሉ ላይ አደረግኩ፣ አሁን አፍንጫዋ 75 ኪሎ አካባቢ ነው የሚያሳርፈው፣ እንደ ጥላ ነው የምትከተለኝ።

እና ያን ቀን መንገድ ዳር ቆሜ እያለሁ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ትምህርት ሲዘጋ ይዘኸኝ የምትሄድበትን ጊዜ። ሳንነሳ በፊት መኪናውን ትዞራለህ፣ ተሳቢውን ትዞራለህ፣ በብረት ጎማውን እየመታህ ትሰማለህ፣ እኔ ጋቢና ውስጥ ሆኜ እነጫነጫለሁ፣ መቼ ነው የምንሄደው እላለሁ። ከዛ ቁልቁለት ስንደርስ አወራሃለሁ፣ ያለፈውን ሁሉ፣ አንተ "ዝም በይ" ትለኛለህ። በቃ ዝም። ቁልቁለቱ እስኪያልቅ አንድ ቃል አትናገርም፣ አታየኝምም። እኔ አባዬ የምትጠላኝ ይመስለኝ ነበር። ነግሬህ አላውቅም፣ ትልቅ ሰው ሆኜም ውስጤ ነበረ፣ ለእማዬ አንዴ ነግሬያት "እሱ እንደዛ ነው" ብላ ነው ያለፈችው።

አሁን ነው የገባኝ። እየሰማሃት ነበር። ከኋላህ ስንት ኩንታል ጭነህ፣ ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ እየወረድክ፣ ፍሬኑ እንዳይግል እየቆጠብክ፣ ከጎንህ ልጅህ ተቀምጣ። እኔ 640 ኪሎ ይዤ ሬድዮ አጠፋሁ። ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ ቁልቁለት ላይ ሲያወራኝ "ቆይ ዝም በል" ስለው ራሴን ሰማሁት፣ ድምፁ ያንተ ነበር። ይቅርታ አባዬ፣ ይሄን ሁሉ አመት በልቤ ይዤብህ ኖሬያለሁ።

አሁን እኔም እዞራለሁ። ሁለቴ ነው የምዞራት። ስቆም የጎማውን መሀል በእጄ ጀርባ እነካለሁ፣ ከሁለቱ አንዱ በጣም ከጋለ ኩሽኔታው እንደሆነ አውቃለሁ። ሰንሰለቶቹን ከአፍንጫዋ ስር አጣምሬ ነው የማስራቸው፣ ከመንጠቆው ብትወጣ እንኳን መሬት እንዳትወጋ። መኪናዬ ላይ ያለውን፣ አፍንጫዋ የሚቀመጥበትን የመጎተቻ ኳስም ቀይሬዋለሁ፣ ሻጩ አብሮ የሰጠኝ ወደ 48 ሚሊሜትር ነበር፣ የሷ መያዣ ደሞ የ50 ነው፣ ሲታይ የገጠመ ይመስላል፣ ጉድጓድ ላይ ግን ሊዘል ይችላል። አሁን ከቆለፍኩ በኋላ በአፍንጫዋ ክሪክ ወደ ላይ አነሳታለሁ፣ የመኪናዬ ቂጥ አብሮ ከተነሳ ይዟል ማለት ነው።

የማይሆንልኝ ወደ ኋላ መሄድ ነው። እጅሽን ከመሪው ታች ይዘሽ ጭራዋ እንድትሄድ ወደምትፈልጊበት አንቀሳቅሺው ብለው አሳዩኝ፣ ገብቶኛል፣ ግን አጭር ስለሆነች ቶሎ ነው የምትታጠፈው፣ ገና ሳስብ ታጥፋ ትጨርሳለች። ያንተ ተሳቢ ደሞ ሁለት ቦታ ነበር የሚታጠፈው፣ መንጠቆው ላይም የፊት ጎማው ላይም፣ እሱን በጠባብ በር አስገብተህ ስታቆም በአይኔ አይቻለሁ። እንዴት? ረዳትህ ከኋላ ይጮህ ነበር፣ አንተ ግን እሱን የምትሰማው አይመስለኝም። በደንብ አስረዳኝ፣ ወይም ከዛ ይልቅ ና።

መምጣትህን ከልቤ ነው የምለው። አይንህ መንዳት ቢከለክልህ መቀመጥ አይከለክልህም። የፊቱ መኝታ ያንተ ነው፣ ለካሁት፣ ትዘረጋበታለህ። በሩ ጋ አንድ ተጨማሪ መረገጫ ሰርቼ አስቀምጫለሁ፣ መያዣ ብረትም ገጥሜያለሁ፣ ጉልበትህን ሳትጎዳ ትገባለህ። ቁልቁለት ላይ ሁለታችንም ዝም እንላለን።

አንድ ነገር ደሞ፣ መኪናውን ስትሸጥ ያልሰጠሃቸው ሁለት የእንጨት ታኮዎች ነበሩ፣ ራስህ የጠረብካቸው፣ አንደኛው ጥጉ የተቃጠለው። እኔ የገዛሁት የፕላስቲክ ነው፣ አቧራ ላይ ይንሸራተታል። አሁንም እቃ ቤት ካሉ እንዳትጥላቸው፣ ስትመጣ ይዘሃቸው ና።

ልጅህ