ዓድዋ ላይ ያልነበረው ሽጉጥ

ይድረስ ለክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ አንድ የአርበኛ ቤተሰብ ቅርሶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። ጋሻው፣ ጎራዴውና ሜዳዮቹ ደኅና አድርገው ተገልጸዋል። ከሽጉጡ ፎቶግራፍ ሥር የሰፈረው «በዓድዋ ጦርነት ከጣሊያን መኮንን የተማረከ» የሚለው መግለጫ ግን ትክክል ሊሆን አይችልም። ይህን የምጽፈው ቤተሰቡን ለማሳፈር ወይም ጸሐፊያችሁን ለመውቀስ ሳይሆን፣ በመሣሪያ ግምጃ ቤትና በጥገና ክፍል ከሃያ ዓመት በላይ ሳገለግል ይኸው ስሕተት ደጋግሞ ስላጋጠመኝ፣ እንዴት እንደሚፈጠርም ስለማውቅ ነው።

በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው ሽጉጥ ቤሬታ ሞዴል 1934 ነው። ይህን ለማወቅ መገመት አያስፈልግም፤ ጥይት ሲጎርስ ወደ ኋላ በሚንሸራተተው የላይኛው ብረት ግራ ጎን ላይ የፋብሪካው ስም፣ «9 ኮርቶ» የሚለው የጥይቱ ልክ፣ የሞዴሉ ዓመትና የተሠራበት ቦታ፣ ማለትም በብሬሻ አውራጃ የሚገኘው ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ፣ በሁለት መስመር ተቀርጿል። የዓድዋ ጦርነት የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህም በፈረንጆች አቆጣጠር 1896 ነው። ስለዚህ ዓድዋ ላይ የተዋጋ መኮንን ከ38 ዓመት በኋላ የተሰየመ ሞዴል ሽጉጥ በወገቡ ሊታጠቅ አይችልም።

የስሕተቱ ምንጭ አንድ ብቻ አይመስለኝም። አያቶቻችን ጠመንጃን በስሙ ለይተው ያውቁ ነበር፤ ውጅግራው፣ ቤልጅጉ፣ ምንሽሩ በፉከራና በቀረርቶ ሳይቀር ተጠርቷል። ሽጉጥን ግን በአብዛኛው «ሽጉጥ» ብለው ብቻ ስላለፉት፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ታሪኩ እንጂ ዓይነቱ አልተላለፈም። በዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠሩ ነገር ይጨመራል። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት ይህንኑ የመሰለ ሽጉጥ ይዞልኝ መጥቶ፣ «1934 ይላልና ጣሊያን ከወጣ በኋላ የተገዛ እንጂ የተማረከ አይደለም» ብሎ የአያቱን ቃል ተጠራጥሮ ነበር። ልጁ ያነበበው የሞዴሉን ዓመት ነው፤ ያውም የፈረንጆቹን ቁጥር በእኛ ዓመተ ምሕረት አድርጎ ነው የወሰደው። ሽጉጡ የተሠራበት ዓመት ከሥሩ ባለው መስመር ላይ ለብቻው ተጽፎ ነበር።

በእናንተ ፎቶግራፍ ላይ የሚታየው የሥራ ዘመን 1937 ሲሆን፣ ከአጠገቡ በሮማ ቁጥር 15 ተጽፏል። ይህ የሮማ ቁጥር የተከታታይ ቁጥርም የጦር ክፍል መለያም አይደለም። የፋሽስቱ መንግሥት ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚቆጥረው የራሱ ዘመን ነበረው፤ ዐሥራ አምስተኛው ዓመት ከጥቅምት 1936 መጨረሻ እስከ ጥቅምት 1937 መጨረሻ የነበረው ጊዜ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ስናጋጥማቸው ሽጉጡ የተሠራበት ጊዜ ከታኅሣሥ 1929 እስከ ጥቅምት 1930 ዓ.ም. ባሉት ወራት ውስጥ ይወድቃል። የየካቲት 12 ጭፍጨፋ የተፈጸመውም በእነዚሁ ወራት ውስጥ ነው። እንግዲህ የቤተሰቡ አባት ሽጉጡን ከጣሊያን መኮንን ማርከውት ከሆነ፣ የማረኩት በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ነው፤ ምናልባት ዓድዋ የዘመቱት አያት ከአርበኛው አባት ጋር በትረካው ውስጥ ተደባልቀው ይሆናል።

ከዚህ ቀጥሎ መታየት ያለበት በዋናው አካል ላይ፣ ከእጀታው በላይ ወደ ኋላ የሚገኘው የመንግሥት ምልክት ነው። ዘውድና «አር» «ኢ» የሚሉ የላቲን ፊደላት ካሉበት የንጉሣዊው ምድር ጦር ንብረት እንደነበረ ያሳያል። የባሕር ኃይሉ መልሕቅ፣ የአየር ኃይሉ ንስር፣ የፖሊሱም የራሱ ፊደላት ነበሩት። ምንም ምልክት የሌለበት ደግሞ ለግል ገዢ የተሸጠ ሊሆን ይችላል፤ መኮንኖችም በግላቸው ይገዙ ስለነበር ይህ ብቻውን የምርኮውን ታሪክ አያፈርስም። የሚያፈርሰው ሌላ ምልክት ነው። ጀርመኖች ከመስከረም 1943 እ.ኤ.አ. በኋላ ሰሜን ጣሊያንን ሲቆጣጠሩ ፋብሪካውን ለራሳቸው አሠርተውታል፤ የተረከቧቸውንም ሽጉጦች ቁጥር 4ን ከ«ዩ» እና «ቲ» ፊደላት ጋር ያጣመረ ማኅተም መትተውባቸዋል። የመጨረሻው የጣሊያን ጦር ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ይህ ማኅተም ያለበት ቤሬታ ከአርበኞች ምርኮ ሊቆጠር አይችልም። ወደ አገራችን ገብቶ ቢገኝ እንኳ በሌላ መንገድና ከዚያ ወዲህ የገባ ነው።

በእርግጥ ከዓድዋ የተረፈ የጣሊያን ሽጉጥ አለን የሚሉ ቤተሰቦች ሊኖሩ ይችላሉ። እነርሱ መፈለግ ያለባቸው ቦዴዮ ሞዴል 1889 የሚባለውን፣ ጥይቱ 10.35 ሚሊ ሜትር የሆነውን ስድስት ጎራሽ ተሽከርካሪ ሽጉጥ ነው። ለተራው ወታደር የተሠራው የምላጭ መከለያ የለውም፤ ምላጩም ወደ ፊት ይታጠፋል። የመኮንኖቹ ግን መከለያ አለው። ነገር ግን እዚህም ላይ መቸኮል አይገባም፤ ቦዴዮ ከዓድዋ በኋላም ለብዙ ዓመታት ሲመረት ቆይቶ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ከጣሊያን ወታደሮች እጅ አልጠፋም። ስለሆነም ሞዴሉ ትክክል መሆኑ አይበቃም፤ በአካሉ ላይ የተመታው የሥራ ዓመት ከ1896 እ.ኤ.አ. የቀደመ መሆን ይኖርበታል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ወደሚያንገበግበኝ ጉዳይ ልምጣ። ጽሑፋችሁ ቤተሰቡ ለዐውደ ርእይ ሲል ሽጉጡን «አስወልውሎ እንደ አዲስ ለማሳደስ» ማሰቡን ይገልጻል። እባካችሁ አታስደርጉት። ዝገትን ለማስለቀቅ ተብሎ በብርጭቆ ወረቀት የተፈተገ፣ ከዚያም ኒኬል የተነከረ ስንት መሣሪያ አይቻለሁ! ማኅተሞቹ ጥልቀታቸው ከፀጉር ክር ብዙም አይበልጥም፤ አንድ ጊዜ ሲፈተጉ ዘውዱ ይደበዝዛል፣ በሁለተኛው የሮማው ቁጥር ይጠፋል፣ ሹል የነበሩት የብረቱ ጠርዞችም ይዶለዱማሉ። የቀረው ብረት ያብረቀርቃል እንጂ ስለ ራሱ የሚናገረው ነገር አይኖረውም። ንጹሕ ጨርቅና ጥቂት የመሣሪያ ዘይት በቂ ነው። አርበኛው በዘመናቸው በቀንድ ያስተኩት እጀታ ካለም ይቆይ፤ ፋብሪካው የሠራው ባይሆንም የእርሳቸው ዘመን አሻራ ነው። ዋናው እጀታ ከተገኘ ለብቻው ይቀመጥ እንጂ አይለወጥ።

መሣሪያን መመርመር የሚችል ሰው የሚያየው ምልክቱን ብቻ ሳይሆን ምልክቱ የተመታበትን ሁኔታ ጭምር ነው። ፋብሪካ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ብረቱ ከመጥቆሩ በፊት ስለሚመታ የፊደሉ ውስጥና ዙሪያው አንድ ዓይነት ቀለም አለው። በኋላ የተመታ ከሆነ ግን ጠርዙ ላይ ብረቱ ያብጣል፣ የጥቁሩ ቀለም ይሰነጠቃል፤ አጉሊ መነጽር ይዞ ብርሃን ከጎን ሲያበሩበት ይለያል። ይህ ማጭበርበር ገንዘብ ባለበት ሁሉ አለ። በአሜሪካ ለምሳሌ የልብስ ስፌት መኪና ሠሪው ሲንገር ኩባንያ ለጦር ሠራዊቱ የኮልት ሞዴል 1911ኤ1 ሽጉጥ የሠራው 500 ብቻ ስለሆነ ዋጋው ሰማይ ነክቷል። በዚህም ምክንያት ሌላ ፋብሪካ የሠራውን ሽጉጥ ፍቀው የሲንገርን ስም የሚመቱበት ሰዎች ስላሉ፣ ጠንቃቃ ገዢ ስሙን ብቻ አይቶ አይገዛም፤ የተከታታይ ቁጥሩን፣ የተቆጣጣሪውን መኮንን ማኅተምና የብረቱን አጨራረስ አንድ ላይ ያገናዝባል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በዚያው ገበያ በብዛት ስለሚሸጡ፣ በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችንም «የአርበኛ መሣሪያ» ነው ሲባሉ ይህን ቢያስቡ መልካም ነው።

ብረቱ ግን የት እንደተሠራና ለማን እንደተሰጠ እንጂ በማን እጅ እንዳለፈ አይነግረንም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ወታደር የማረከውን ሽጉጥ ወደ አገሩ ይዞ ለመግባት አዛዡ የፈረመለት ወረቀት ያስፈልገው ነበር፤ ዛሬ ያ ወረቀት፣ በተለይ የሽጉጡ ቁጥር ከሰፈረበት፣ እንደ ሽጉጡ ተፈላጊ ነው። የእኛ አርበኞች እንዲህ ያለ ወረቀት የሚጽፍላቸው አልነበረም። ስለዚህ የአያት የመሣሪያ ፈቃድ ደብተር፣ ሽጉጡን ታጥቀው የተነሡት ፎቶግራፍ፣ ታሪኩን ከአፋቸው የሰሙ አረጋዊ ምስክርነት ካለ፣ ከሽጉጡ ቁጥር ጋር ተያይዞ ዛሬውኑ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። ተራኪው ማን እንደሆነ፣ ከማን እንደሰማና መቼ እንደተናገረ ይጻፍ፤ ያልታወቀውም «አልታወቀም» ተብሎ ይጻፍ።

ስለ ደኅንነቱ አጭር ነገር ልጨምር። ካዝናው ስለወጣ ብቻ ሽጉጥ ባዶ ነው አይባልም፤ አንዲት ጥይት በጉሮሮው ቀርታ ሊሆን ይችላል። የዚህ ቤሬታ መቆለፊያ ደግሞ ምላጩን እንጂ መዶሻውን አያግድም። መሣሪያው ይፈተሽ ዘንድ ለባለሙያ ይሰጥ፤ የመያዝ ፈቃዱም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የተሟላ መሆኑ ከዐውደ ርእዩ በፊት ይረጋገጥ።

በመጨረሻም የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በሚቀጥለው እትማችሁ የፎቶግራፉ መግለጫ «በ1937 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ የተሠራ፣ በቤተሰቡ ቃል መሠረት በአርበኝነት ዘመን የተማረከ» ተብሎ ቢታረም ደስ ይለኛል፤ «በቤተሰቡ ቃል መሠረት» የሚለውም እንዳይቀር። ያወጣችሁት ፎቶግራፍ ደግሞ የሽጉጡን ግራ ጎን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ የተከታታይ ቁጥሩ ያለው በቀኝ በኩል፣ በላይኛው ብረትና በዋናው አካል ላይ ነው። ባለቤቶቹ ፈቃዳቸው ከሆነ የቀኝ ጎኑ ፎቶግራፍ ቢደርሰኝ፣ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ መሆናቸውንና ሽጉጡ ከሁለት መሣሪያ ተገጣጥሞ የተሠራ አለመሆኑን ያለ ክፍያ ተመልክቼ እጽፍላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ የመሣሪያ ጥገና ባለሙያ
ከአዲስ አበባ